ላይትሩም ላይ የተደጋገመ ኪይወርድ እንዴት ነው የሚዋሃደው?

ሰላም ጀማው፣ ደሴ ፎቶ ቤት ነው የምሰራው፣ ላይትሩም ክላሲክ (የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ፕሮግራሙ) ላይ 40 ሺህ ምናምን ፎቶ አለን፣ ሰርጉ፣ መስከረም 21 ግሸን፣ የባቲ የሰኞ ገበያ፣ የላሊበላ ገና ምኑ ቅጡ፣ ግን ኪይወርዱን (ፎቶ መፈለጊያ ቃሉን) የሞላው ሰው ሁሉ በየራሱ ፊደል ስለጻፈው ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ እያለ ለየብቻ ተቀምጧል። ደንበኛ የሐይቅ እስጢፋኖስን ፎቶ ሲጠይቀኝ በአንዱ ስፈልግ የሌላው አይመጣም። ስሙን ላስተካክል ስል ይሄ ስም አለ ብሎ እምቢ ይላል፣ ጎትቼ ሌላኛው ላይ ስጥለው ደግሞ ማዋሃዱን ትቶ ከስሩ ያስገባዋል (ይሄ ነገር ለምን እንዳልተሰራ አይገባኝም በእውነት)። ፐርጅ የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ምንም ፎቶ የሌላቸውን ኪይወርዶች ብቻ ነው የሚያጠፋው። የሃይቅን ፎቶዎች በሙሉ መርጬ ሐይቅ ላይ ራይት (✓) አድርጌ ከዛ ሃይቅን ዲሌት ማድረግ ይሰራል፣ ግን እንዲህ አንድ በአንድ ስንት ቃል ይዘለቃል? በአንዴ የሚያዋህድ ፕለጊን (ላይትሩም ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሳሪያ) የሞከራችሁ ካላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ። ደግሞስ ወሎ፣ ከስሩ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻ እያልኩ በደረጃ ባደርገው ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ ዝርዝር ይሁን? ካታሎጉን (የላይትሩሙን የፎቶ መዝገብ) ባካፕ አድርጌዋለሁ፣ አብሽሩ፣ ደፈር ያለ ሃሳብም ቢሆን እሞክራለሁ።