9 ምድብ ያለው ፓይ ቻርት አልነበብ አለ፤ ለምድብ ዳታ የትኛው ቻርት ይሻላል?

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። የ240 ሠራተኞች መጠይቅ ውጤት በእጄ አለ። ሪፖርቱን የሚያነቡት ስታቲስቲክስ ያልተማሩ ኃላፊዎች ናቸው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦

የመጀመሪያው የሥራ ክፍል ነው። 9 ክፍሎች አሉ፤ ትልቁ 84 ሰው፣ ትንሹ 6 ሰው አለው። ሁለተኛው እርካታ ነው፤ «በጣም አልረካሁም» ከሚለው እስከ «በጣም ረክቻለሁ» 5 ደረጃ አለው። ሦስተኛው «ሥራዎን የሚያጓትቱት ችግሮች የትኞቹ ናቸው?» ይላል፤ ከ12 ምርጫዎች የፈለጉትን ያህል መምረጥ ይቻላል።

ለሦስቱም ፓይ ቻርት ሠራሁ። የሥራ ክፍሉ ላይ ቀለሞቹ ተምታቱ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ 150 ሰው የመረጠውን ችግር 25% ብሎ አወጣው፤ 150 ከ240 ግን 62.5% ነው። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? እርካታን በየሥራ ክፍሉ ማነጻጸርም እፈልጋለሁ። የምሠራው በኤክሴል ነው።

ዘንግ

ከሦስተኛው ልጀምር፤ የሌሎቹ ችግር የአነባበብ ሲሆን የዚህኛው ግን የስሌት ነው።

ፓይ ቻርት የሰጠኸውን ሁሉ ደምሮ 100% ያደርገዋል። አንድ ሰው ብዙ ሲመርጥ ድምሩ የሰዎች ሳይሆን የምርጫዎች ቁጥር ይሆናል። 150ው 25% የሆነው ምርጫዎቹ በጠቅላላ 600 ስለሆኑ ነው። ኃላፊዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ደግሞ ስንት ሰው እንደተቸገረ ነው። ስለዚህ አካፋዩ 240 ይሁን፤ ጥያቄውን ዘለው ያለፉ ካሉ ደግሞ የመለሱት ብቻ። የትኛውን እንደወሰድክ ከቻርቱ ሥር ጻፍ፤ «ከአንድ በላይ መምረጥ ስለሚቻል ድምሩ ከ100% ይበልጣል» የሚለውንም ጨምርበት። ያለዚህ ማስታወሻ አንባቢው ደምሮ 250% ሲያገኝ ሪፖርቱን በሙሉ መጠራጠር ይጀምራል።

ቻርቱ አግድም ባር ቻርት ይሁን። የችግሮቹ ስም ረጅም ስለሆነ በቋሚ ባር ሥር ጽሑፉ ይጋደማል ወይም ይቆረጣል። ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድረው፤ «ሌላ» የሚለው ግን ቁጥሩ ምንም ያህል ቢሆን መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ ራሱን የቻለ አንድ ችግር አይደለምና። ለሁሉም አንድ ቀለም ይበቃል። ስሙ አጠገቡ ተጽፎ እያለ 12 ቀለም መስጠት ዓይን ማድከም ብቻ ነው። እንዲጎላ የምትፈልገው አንድ ባር ካለ እሱን ብቻ አድምቅ።

የሥራ ክፍሉም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የስታቲስቲክስ ተመራማሪዎቹ ክሊቭላንድና ማጊል በ1984 ባወጡት ጥናት ሰው በአንድ የጋራ ዘንግ ላይ ያለን ቦታ የሚያነጻጽረው ከማዕዘን በተሻለ ትክክለኛነት ነው። 9 ቁራጭ ያለው ፓይ ደግሞ አንባቢውን ማዕዘን እንዲለካ ያስገድደዋል።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ የባር ዘንግ ከ0 ይጀምራል። ከ40 ቢጀምር የ60 ባር የ50ው እጥፍ መስሎ ይታያል፤ ዓይን የሚያነበው ርዝመትን ነውና።

አካፋይ

ዘንግ ባለው እስማማለሁ፤ እርካታው ላይ ግን በብዛት መደርደር አይሠራም። ደረጃዎቹ የራሳቸው ቅደም ተከተል አላቸው፤ «ረክቻለሁ» ብዙ ስለተመረጠ ብቻ ከ«በጣም ረክቻለሁ» ርቆ መቀመጥ የለበትም።

በየክፍሉ ለማነጻጸር ቁጥር ሳይሆን መቶኛ ተጠቀም። በቁጥር ካሳየኸው 84 ሰው ያለው ክፍል ሁሉንም ይውጣል፤ ቻርቱም ከእርካታው ይልቅ የክፍሉን ትልቅነት ይናገራል። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ 100% የተደራረበ ባር ይሁንለት፤ አምስቱ ደረጃዎች ተከታትለው አንዱን ባር የሚሞሉበት ማለት ነው። የዚህ ቻርት ድክመት የሚታወቅ ነው፦ የጋራ መነሻ መስመር ያላቸው የግራና የቀኝ ጫፍ ቁራጮች ብቻ ናቸው። መሀል ያሉት በየባሩ የተለያየ ቦታ ስለሚጀምሩ ለማነጻጸር ያስቸግራሉ። መፍትሔው ያልረኩትን ከ0 መስመር ወደ ግራ፣ የረኩትን ወደ ቀኝ መዘርጋት ነው። ለቀለም ቀይና አረንጓዴን ተው፤ ሁለቱን መለየት የሚቸግራቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም። ብርቱካናማና ሰማያዊ ይሻላል፤ ጫፍ ላይ ጠቆር፣ መሀል ላይ ፈካ ያለ።

6 ሰው ያለበት ክፍል ላይ ተጠንቀቅ። እያንዳንዱ ሰው 16.7% ስለሚመዝን አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ባሩ በግልጽ ይዘላል። 3 ከ6ም 42 ከ84ም 50% ናቸው፤ እምነት የሚጣልባቸው ግን እኩል አይደለም። ከየክፍሉ ስም ጎን የሰው ብዛት ይጻፍ። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነገር አለ፦ በ6 ሰው ክፍል ውስጥ «ሁሉም አልረኩም» የሚል ቻርት ማን ምን እንደመለሰ ያጋልጣል። መጠይቁ ስም የለሽ ነው ተብሎ ከተሞላ ከ10 ሰው በታች ያሉትን ክፍሎች አንድ ላይ አጣምር። አንድ ብቻ ከሆነ በሥራ ከሚቀርበው ጋር ቀላቅለው፤ መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከጠቅላላው ቀንሶ ማግኘት ይቻላልና።

ክብልል

ፓይ ቻርትን ጨርሶ አትጣሉት። ቁራጮቹ 2 ወይም 3 ከሆኑ፣ አንድ ሰው በአንድ ምድብ ብቻ ከተቆጠረ፣ መልእክቱም «ከግማሽ በላይ ናቸው» ዓይነት ከሆነ ከባር ቶሎ ይነበባል። የሦስት አቅጣጫ መልክ ያለው ፓይ ግን በምንም ምክንያት አይሁን፤ ወደ ፊት ያዘነበለው ቁራጭ ከእውነቱ በልጦ ይታያል። ሁለት ፓይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸርም አይሆንም።

የእርካታውን 5 ደረጃ ወደ አማካይ ለውጠህ አንድ ቁጥር ብቻ እንዳታቀርብም አደራ። ግማሹ 1፣ ግማሹ 5 ቢመርጥ አማካዩ 3 ነው፤ ሁሉም 3 ቢመርጥም ያው 3። ሁለቱ ግን ፍጹም የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

የሥራ ክፍሎችንም በመስመር ግራፍ አታገናኝ፤ በሁለት ክፍሎች መካከል መስመሩ የሚያልፍበት ምንም ነገር የለም።

ጀማሪው

በጣም አመሰግናለሁ። ሦስተኛውን በ240 አካፍዬ አስተካከልኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሠንጠረዡን ከብዙ ወደ ጥቂት ደርድሬው አግድም ባሩ ተገልብጦ ትንሹን ከላይ አወጣው። ግራና ቀኝ የሚዘረጋው ቻርት ደግሞ ሜኑው ውስጥ የለም።

ዘንግ

የመጀመሪያው የኤክሴል ጠባይ ነው፤ የሠንጠረዡን የመጀመሪያ ረድፍ ከታች፣ ከዘንጎቹ መገናኛ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ስሞቹ ያሉበትን ቋሚ ዘንግ ሁለቴ ጠቅ አድርግና «ካቴጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የሚለውን ምረጥ። ያኔ የቁጥሩ ዘንግ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያው ላይ «አት ማክሲመም ካቴጎሪ» ስትል ወደ ታች ይመለሳል። የባሮቹን ክፍተት 50% አካባቢ አድርገው።

ለሁለተኛው ያልረኩትን ሁለት ደረጃዎች መቶኛ በሠንጠረዡ ላይ ኔጋቲቭ አድርግ። ከዚያ የተደራረበ አግድም ባር ምረጥ፤ 100% የሚለውን ሳይሆን ተራውን። የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦ ኤክሴል መደርደር የሚጀምረው ከ0 ስለሆነ «አልረካሁም» ከ«በጣም አልረካሁም» ይቅደም፤ በቀኝም «ረክቻለሁ» ከ«በጣም ረክቻለሁ» ይቅደም። ገለልተኞቹን፣ ማለትም መሀለኛውን ደረጃ የመረጡትን፣ ለሁለት ከፍለህ 0ው ላይ አትጫናቸው፤ ረክተዋል ወይም አልረኩም ያስመስላቸዋል። መቶኛቸውን በቀኝ በኩል በተለየ ዓምድ በቁጥር ጻፈው።

የክፍሎቹ ስም ባሮቹ ላይ ይወጣል፤ የስሞቹን ቦታ «ሎው» ስታደርገው ወደ ግራ ዳር ይሄዳል። የቁጥሩን ፎርማት 0%;0% ብትለው የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። ሌጀንዱ (የቀለሞቹ መግለጫ) ደግሞ በዓምዶቹ ቅደም ተከተል ስለሚወጣ ከሥዕሉ ጋር አይገጥምም፤ ሰርዘውና የአራቱን ደረጃዎች ስም ከላይኛው ባር በላይ በጽሑፍ ሳጥን በየቀለማቸው አስቀምጥ።