የአባቴ ራሌ ሳይክል፦ እንደነበረ ይቆይ ወይስ ይቀየር?

ጥያቄ (ከሰበታ)፦
የአባቴን የድሮ ራሌ እያደስኩ ነው። የፔዳሉ ጥርስ ላይ የወፍ ራስ አለ፤ ዝገቱን በነጭ ጋዝ ስፈገፍገው ቁልጭ ብሎ ወጣ። እሱንስ አልነካም! ፍሬኑ ግን የብረት ዘንግ ነው፤ በዝናብ ቁልቁለት ላይ አይዝልኝም። በሽቦ ፍሬን ልቀይረው? ቀለምስ ላስቀባው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ቀለሙን እባክህ አታስነካው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

መልስ፦
የዘንግ ፍሬን ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ነው የሚይዘው፣ የሽቦው ከጎን። ስለዚህ ቸርኬውም አብሮ ይቀየራል። መጀመሪያ የፍሬኑን ላስቲክ ቀይረህ ሞክር። የብረት ቸርኬ ግን ሲረጥብ ያንሸራትታል።

መልስ፦
በየቀኑ በዓለም ገና መንገድ ከሲኖትራክ ጋር የምትጋፋ ከሆነ ቀይረው፤ ነፍስህ ይበልጣል። የድሮውን ዕቃ ግን እንዳትሸጥ፣ ዘይት ቀብተህ አስቀምጠው።