የጤና ኢኮኖሚ ጥናትን ጥራት በቼክሊስት ድምር መለየት ይቻላል ወይ?

ማርቆስ_ተመራቂ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ማሟያ በወባና በፖዶኮኒዮሲስ፣ ሕዝቡ ዝሆኔ በሚለው፣ ላይ የተሠሩ የወጪ-ውጤታማነት ጥናቶችን ጥራት እየመዘንኩ ነው። ቺርስ 2022ን፣ የጤና ኢኮኖሚ ጥናት ሪፖርት ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝረውን ቼክሊስት፣ ይዤ 28ቱን ጥያቄዎች እየሞላሁ በመቶኛ አወጣለሁ፤ ከ75 በላይ ያገኘው «ጥሩ» ይባላል። ግራ የገባኝ፣ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ አንድ ጥናት የጤና ባለሙያዎችን ደመወዝ ጨርሶ አልቆጠረም። እንዲህ ያለውን «ጥሩ» ማለት ያስኬዳል? ሌላ መሣሪያ ካለስ የቱን ትመክሩኛላችሁ?

ጮቄ

ወንድሜ፣ ቺርስ የአጻጻፍ መመሪያ ነው፣ ሚዛን አይደለም። በፈረንጆቹ የ2013ቱ 24 ነጥብ ነበረው፤ ያንተው 28 አለው። ሁለቱም የሚጠይቁት «ጸሐፊው ነግሮናል ወይ?» እያሉ እንጂ «የሠራው ልክ ነው ወይ?» እያሉ አይደለም። «ደመወዝ አላካተትንም» ብሎ በግልጽ የጻፈ ሰው የቺርስን ጥያቄ መልሷል፤ ምልክቱን ያገኛል። ጥናቱ ግን ጎደሎ ነው።

75ቷም የመጣችው ከሌላ ቤት ነው። ኪው.ኤች.ኢ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያ 16 ጥያቄዎች አሉት፤ ለየጥያቄው የተለያየ ክብደት ሰጥቶ ከ100 ይደምራል፤ እሷ የምትጠቀሰው እዚያ ነው። ቺርስ ላይ ብትተክላት ትርጉም የላትም።

ከሕክምና ሙከራ ጋር አብረው ለተሠሩ ጥናቶች በፈረንጆቹ የ2005ቱ ቼክ የሚባለው ቼክሊስት፣ 19 ጥያቄዎች ያሉት፣ ይበቃሃል። ሞዴል፣ ማለትም ወጪና ውጤቱን በስሌት የሚተነብይ ቀመር፣ ካላቸው የፊሊፕስን ቼክሊስት ጨምር፤ እሱ የሞዴሉን መዋቅር፣ የገባበትን መረጃና የውስጥ ወጥነቱን ለየብቻ ይፈትሻል። የድሩመንድ 10 ጥያቄዎች ለመለማመጃ ጥሩ ናቸው።

ድምሩን ግን ተወው። ለየጥያቄው «አዎ»፣ «አይ»፣ «ግልጽ አይደለም»፣ «አይመለከተውም» በል፤ አጠገቡ ማስረጃው ያለበትን ገጽ ጻፍ፤ በሦስተኛው ዓምድ ደግሞ ጉድለቱ ውጤቱን ወዴት እንደሚገፋው አስፍር፦ ርካሽ ያስመስለዋል ወይስ ውድ? ዋናው ሥራ ይህ ዓምድ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ሞልቶ ይተያይ።

ባለ_ካልኩሌተር

ጮቄ ባለው ላይ ልጨምር፤ ቼክሊስቱን ከመክፈትህ በፊት የወጪ ሠንጠረዡን ክፈት። ጥናት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

መጀመሪያ ብዛትና የአንዱ ዋጋ ተለይተው መቀመጣቸውን እይ። «መድኃኒት፦ 340,000 ብር» ብቻ ካለ ማንም መልሶ ሊያሰላው አይችልም።

ቀጥሎ ቋሚ ዕቃ። 100,000 ብር የተገዛ፣ 5 ዓመት የሚያገለግል ማይክሮስኮፕ በ3% ወለድ ሲሰላ በ4.58 ይካፈላል፤ የዓመቱ ድርሻ 21,800 ብር ገደማ ነው። 20,000 ብሎ የጻፈ ለ5 ብቻ አካፍሏል፤ ገንዘቡ ሌላ ሥራ ላይ ቢውል የሚያስገኘውን ረስቷል። 100,000ውን እንዳለ ባንድ ዓመት ላይ የጫነ ደግሞ ፕሮግራሙን ያለ ጥፋቱ ውድ አድርጎታል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጊዜስ? «መንግሥት ቀድሞም ይከፍላታል» ብሎ ዜሮ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የዝሆኔ ታማሚ እግር ስታሳጥብ የዋለችበት ሰዓት ከክትባቱና ከእናቶች ክትትሉ የተወሰደ ነው። ሰዓቱ እንዴት እንደተለካ ፈልግ፤ ከሁሉ ደካማው የኃላፊ ግምት ነው።

የዝሆኔ ሕክምና ላይ ሳሙናው፣ በረኪናው፣ ቅባቱ፣ ፋሻው፣ ካልሲውና ጫማው በእርዳታ ስለመጡ ዋጋቸው ዜሮ አይሆንም፤ የገበያ ዋጋ ይሰጣቸዋል። በተቃራኒው የመጠይቅ ሰብሳቢዎች አበል ከወጪው መውጣት አለበት፤ እሱ የጥናቱ ወጪ ነው፣ የሕክምናው አይደለም። አነደድ ወረዳ ውስጥ እንደተካሄደውና በፈረንጆቹ 2018 እንደታተመው የዝሆኔ ሕክምና ሙከራ ላሉት ጥናቶች ወጪ ስታይ፣ ይህን መለያየት በጥብቅ ፈትሽ።

እይታው የማኅበረሰቡ ነው ከተባለ፣ ማለትም ማንም ያወጣው ወጪ ሁሉ ይቆጠራል ከተባለ፣ የታካሚው ጊዜም ይቆጠራል። ወባ የሚያይለው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ የጤፍ አጨዳ ይደርስበታል። የዓመቱን አማካይ የቀን ዋጋ ወስዶ ያባዛ ጥናት የገበሬውን ኪሳራ አሳንሶታል።

አሁን ደግሞ እኛ አገር ያለ ወጥመድ፦ ዓመቱ። «የ2015 በጀት ዓመት ወጪ» ሲል በኛ ነው ወይስ በፈረንጆቹ? የኛ 2015 በጀት ዓመት ከሐምሌ 2014 እስከ ሰኔ 2015 ነው፤ በእነሱ ከሐምሌ 2022 እስከ ሐምሌ 2023። በፈረንጆቹ 2015 መስሎት የዋጋ ንረት የጨመረበት ሰው የሰባት ዓመት ንረት በከንቱ ቆልሏል። ከሒሳብ ክፍል የተወሰደ ቁጥር ሁሉ ይህ ጥያቄ ይነሣበት።

ማርቆስ_ተመራቂ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ብሩ ወደ ዶላር ሲቀየር የየትኛውን ቀን ምንዛሪ ልጠብቅ? ደግሞ ብዙዎቹ «ለአንድ ዳሊ ከነፍስ ወከፍ ገቢ ሦስት እጥፍ በታች ስለሆነ አዋጭ ነው» ብለው ይዘጋሉ (ዳሊ ማለት በሕመም ወይም ያለ ዕድሜ በመሞት የጠፋ አንድ ጤናማ ዓመት ነው)፤ ይበቃል?

ባለ_ካልኩሌተር

ለምንዛሪው፦ ደመወዝንና ኪራይን በብር እንዳሉ በአገር ውስጥ ንረት ወደ ማጣቀሻው ዓመት፣ ጥናቱ ዋጋዎቹን ሁሉ ወደሚገልጽበት፣ ታመጣቸዋለህ፤ ከዚያ በዚያው ዓመት ምንዛሪ ትቀይራለህ። መጀመሪያ ዶላር አድርጎ በአሜሪካ ንረት ያሳደገ ሰው የኛን ገበያ አላየውም። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትና መመርመሪያ ግን በዶላር ይቆይ። በኛ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉ ጥናቶችን ሳታስተካክል ጎን ለጎን አታስቀምጥ።

ጮቄ

ሦስት እጥፉ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ራሳቸው በፈረንጆቹ 2016 ለብቻው የውሳኔ መስፈርት እንዳይሆን ጽፈዋል። መስፈርቱ በጀቱ ይችለው እንደሆነ አይናገርም፣ ደግሞም በጣም ላላ ያለ ስለሆነ ሁሉም ያልፈዋል።

ከሱ በፊት ግን ንጽጽሩን እይ። ለምሳሌ ፕሮግራም «ሀ» 200,000 ብር አውጥቶ 100 ዳሊ ያድናል፤ ፕሮግራም «ለ» 500,000 አውጥቶ 150። ጸሐፊው ፕሮግራም «ለ» «በአንድ ዳሊ 3,333 ብር» ነው ይላል። ከሀ ወደ ለ ሲኬድ ግን 300,000 ብር ተጨምሮ የተገኘው 50 ዳሊ ብቻ ነው፤ 6,000 ብር በዳሊ። መጠየቅ ያለበት ሁለተኛው ቁጥር ነው። ማወዳደሪያው «ምንም አለማድረግ» ሆኖ ሳለ ጤና ጣቢያው አሁንም አንድ ነገር እየሰጠ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር ጥናቱን ከባድ ችግር አለበት ብለህ መድበው።

በመጨረሻ ሴንሲቲቪቲ አናሊሲሱን፣ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ የሚፈትሸውን፣ እይ። ሁሉንም ቁጥር ±20% ማወዛወዝ የስንፍና ምልክት ነው፤ የመድኃኒት ዋጋ 20% ላይለዋወጥ ይችላል፣ የመከላከል ውጤቱ ግን በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ቁጥሩ ከስንት እስከ ስንት እንደሚወዛወዝ ከመረጃ መምጣት አለበት። ዳሊውም ቅናሽ፣ ማለትም ወደፊት የሚገኝን ነገር ከዛሬው ያነሰ ዋጋ መስጠት፣ ተደርጎበት እንደሆነ ጠይቅ፤ ወጪው በ3% ተቀንሶ ዳሊው ሳይቀነስ የቀረበት ሥራ ካለ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ካልጻፉ ለጸሐፊዎቹ ኢሜይል ልከህ የኤክሴል ፋይሉን ጠይቅ፤ ካልላኩልህ «ግልጽ አይደለም» ብለህ መዝግበው።