ክርክር፦ ተመስጦን በ10 ቀን ዝምታ መጀመር ይገባል?

መነሻ፦ የውስጥ ሐሴት ፍለጋና «እኔነትን መጣል» የሚሉት ነገር ብዙ ጀማሪዎችን ወደ ቪፓሳና (ትንፋሽንና የሰውነትን ስሜት በዝምታ የመመልከት የቡድሃ ተመስጦ) የ10 ቀን ቆይታ እየወሰዳቸው ነው። ሥልጠናውን እ.ኤ.አ. በ1969 ከበርማ ወደ ሕንድ ያመጡት ሳትያ ናራያን ጎየንካ ናቸው። ለተመስጦ ቁጭ ብሎ የማያውቅ ሰው በዚህ ቢጀምር ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?

ጎሕ፦
ይጠቀማል ባይ ነኝ። ቤቱ በቀን 20 ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው ሐሳቡ ገና መርገብ ሲጀምር ይነሣል፤ በማግስቱም እንደገና ከመጀመሪያው። ቆይታው ይህን ይሰብራል። ደወሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ መብራት የሚጠፋው ማታ 3፡30፤ በመካከሉ ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ መቀመጥ አለ። ስልክ፣ መጽሐፍ፣ እስክሪብቶ የለም፤ ከጎን ካለው ሰው ጋር በጥቅሻ እንኳ መግባባት ክልክል ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ከአፍንጫ በታች፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ባለችው ትንሽ ቦታ ላይ ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ልብ ማለት። ትኩረት ከሳለ በኋላ፣ በ4ኛው ቀን፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ሰውነትን ክፍል በክፍል መቃኘት ይጀመራል። ይህን የ3 ቀን መሠረት ቤቱ ሆኖ ማን ይጥለዋል? ክፍያም የለውም፤ የምግቡና የማደሪያው ወጪ የሚሸፈነው ቀድመው በጨረሱ ሰዎች ስጦታ ነው። በ1994 ዴልሂ በሚገኘው የቲሃር ወህኒ ቤት ከ1,000 በላይ እስረኞች በአንድ ጊዜ ተቀምጠዋል። መነኮሳት አልነበሩም።

ዋርካ፦
ጎሕ፣ ሥርዓቱን በትክክል ነው ያስቀመጥሽው፤ ጀማሪው የሚሰናከልበትን ቦታ ግን ዘለልሽው። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ እጅና እግር ሳያንቀሳቅሱ፣ ዓይን ሳይገልጡ መቀመጥ አለ። የቡድሃ መጻሕፍት ቋንቋ በሆነው በፓሊ «አዲታና» ይሉታል፤ ቁርጥ ውሳኔ ማለት ነው። መሬት ላይ መቀመጥ ያልለመደ ሰው ገና አጋማሹ ላይ ሳይደርስ ጉልበቱ ይነድዳል። ትምህርቱ ሕመሙን ሳትጠላው ተመልከተው ይላል። ጀማሪው ግን ጥርሱን ነክሶ ይታገላል፤ ሰዓቱ ሲያልቅም «ቻልኩት!» ይላል። ሊጥለው የሄደውን እኔነት አደለበው ማለት ነው።

ሌላው ትንፋሽ ነው። «ትንፋሽህን ተመልከት» የተባለ ሰው ሳያውቀው ያረዝመዋል፣ ያጎላዋል። ከመጠን በላይ ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣቱና ከንፈሩ ይነዝረዋል፣ ራሱ ቅልል ይለዋል። ሐሴት መጣልኝ ብሎ ይህንኑ የሚያሳድድ አለ። መለየት አይከብድም፦ ለ3 ደቂቃ ያህል አፍ ገጥሞ፣ በአፍንጫ ብቻ፣ እንደተኛ ሰው ዝግ ብሎ መተንፈስ። ንዝረቱ ከጠፋ የትንፋሽ ነገር ነበር።

ስለዚህ እኔ ቀስ በቀስ ባይ ነኝ። ጆን ካባት ዚን በ1979 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የተመስጦ ሥልጠና 8 ሳምንት የሚፈጅ ሲሆን፣ የቤት ልምምዱ በቀን 45 ደቂቃ ነው። ይህም ለከበደው በ10 ደቂቃ ይጀምር፤ በየሳምንቱ 5 እየጨመረ 45 ይድረስ። ዳሌው ከጉልበቱ ከፍ እንዲል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትራስ ከሥሩ ያድርግ፤ ወንበርም ይሆናል። ከዚያ የአንድ ቀን ዝምታ ይሞክር። 10 ቀኑ ከዚያ በኋላ ነው።

እንስራ፦
ጀማሪ ነው አይደለም ከማለት በፊት ማን ጨርሶ መሄድ እንደሌለበት እንነጋገር። ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት፣ ከእውነታ የመለያየት ሕመም የነካው፣ መድኃኒቱን በቅርቡ ያቋረጠ ሰው አይሂድ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ባይፖላር ላለበት ሰው ማንያ (ከልክ ያለፈ የስሜት ግለት) ሊቀሰቅስ ይችላል። የማመልከቻ ቅጹ ስለ አእምሮ ጤና ሲጠይቅ እውነቱን መጻፍ የግድ ነው፤ መደበቅ ራስን መጉዳት ነው።

በ2017 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊንዳል እና ብሪተን 60 ተመስጦ የሚለማመዱ ሰዎችን ጠይቀው 59 ዓይነት ፈታኝና ያልተጠበቁ ገጠመኞች መዝግበዋል፤ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና የ«እኔ» ስሜት መጥፋት ይገኙበታል። ከመልስ ሰጪዎቹ መካከል አስተማሪዎችም ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ችግር የገጠማቸውን ፈልገው ስለጠየቁ፣ ከመቶ ስንቱን እንደሚገጥም ጥናቱ አይነግረንም።

ፍርሃት ከበረታ ዓይን ይገለጥ፣ የእግር መዳፍ መሬት ይርገጥ፣ ተነሥቶ ይራመዱ፣ ምግብ ይብሉ፣ ለአስተማሪው ወዲያው ይንገሩ። «ታግሠህ ግፋበት» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

መቅረዝ፦
እኔ የምከራከረው ከግቡ ጋር ነው። የቡድሃ ትምህርት ሊቁ ቡድሃጎሳ በ5ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ቪሱዲማጋ በተባለ የተመስጦ መጽሐፍ ላይ የማስተዋል እንከን የሚላቸውን 10 ነገሮች ሲዘረዝር ብርሃን ማየት፣ ፍሥሐ፣ ጸጥታና ደስታ ከውስጣቸው ናቸው። የመጨረሻው ለእነዚሁ መጎምጀት ነው። ሐሴት ይመጣል፤ ይዞ ማስቀረት ሲፈለግ ግን መንገዱ እዚያው ይቆማል።

እኔነትም እንደዚሁ። በቡድሃ ትምህርት ሰውን የሚያስሩ 10 ማሰሪያዎች አሉ። «ቋሚ የሆነ እኔ አለ» የሚለው አመለካከት 1ኛው ነው፤ «ማና» የሚባለው፣ ራስን ከሌላው ጋር የሚያስተያየው ኩራት ግን 8ኛው ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚነቀለውም በፍጻሜው ላይ ነው። በ10 ቀን እኔነቴን ጣልኩ የሚል ሰው ምናልባት አንደኛውን በጨረፍታ አይቶ ይሆናል፤ ስምንተኛው ግን እሱን እያናገረው ነው።

የእኛ ገዳማትም ይህን ያውቁታል። አዲስ ገቢ ቀጥታ ወደ አርምሞ አይላክም፤ በአመክሮ ውኃ እየቀዳ፣ አረጋውያንን እየረዳ ይቆያል። ትሕትና በሥራ ይፈተናል።

ጎሕ፦
ዋርካ፣ የትንፋሹን ነገር ተቀብዬሃለሁ። ወንበር ግን ቆይታው ላይም ለሚያስፈልገው ይፈቀዳል፤ የተንቀሳቀሰም አይቀጣም። የማልስማማው በ10 ደቂቃው ነው። መሰልቸት ከመምጣቱ በፊት የሚነሣ ሰው ከመሰልቸት ጋር መቀመጥን መቼ ይማራል? ጠዋትና ማታ 30 30 ደቂቃ፣ አንድ ወር ሳያቋርጥ የተቀመጠ ይሂድ።

ዋርካ፦
30 ደቂቃውን ልቀበል። እንስራ ያለችው ማጣሪያ ግን ከወሩ በፊት ይቅደም፤ መመለሻውም ይታሰብበት። ጎየንካ ከቆይታው በኋላ ጠዋት ለ1 ሰዓት፣ ማታ ለ1 ሰዓት መቀመጥን ነው ያዘዙት። በ11ኛው ቀን ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት ቢሮ የሚገባ ሰው ያንን አይዘልቀውም፤ ቢያንስ 2 ቀን ባዶ ትቶ ይሂድ።