ድሬ ላይ ኦሮምኛ ይቅደም ወይስ ሶማሊኛ?

ነርሷ፦ ሰላም ናችሁ። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ድሬዳዋ በነርስነት ስሰራ ስድስት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ትንሽ ልጇን አዝላ መጣች። "ገራ፣ ገራ" ትለኛለች። እኔ ልጁ ገር ነው፣ አያስቸግርም የምትል መስሎኝ ጉሮሮውን፣ ጆሮውን አየሁለት። ለካ በኦሮምኛ ሆዱን እያለችኝ ነው! የጽዳት ሰራተኛዋ ገብታ ባትነግረኝ ምን ላደርግ ነበር? እስካሁን ያንገበግበኛል። ሁለቱንም ቋንቋ መማር እፈልጋለሁ። በየቱ ልጀምር?

የከዚራ ልጅ፦ እህቴ፣ እንኳን ወደ ድሬ መጣሽ። አብዛኞቹ ታካሚዎችሽ በሚናገሩት ጀምሪ። ደብተር ይዘሽ ግን አትቀመጪ፤ ከፊራ ገበያ ውረጂ። ለኦሮሞዋ "ሜቃ?" በያት፣ ለሶማሌዋ "ኢሚሳ?"። ሁለቱም "ስንት ነው" ነው። ያርሙሻል፣ አይቀየሙሽም።

ድሬ ራሷ እንዲህ ነው የቆመችው። ሀዲዱን ተራራው ላይ ወደ ሐረር ማውጣት ከበደና ባቡሩ በግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። አባቴ የባቡር ጋራዥ ሰራተኛ ነበር። እሱ ጉራጌ፣ ጓደኛው ሶማሌ፣ የስራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ። ለገሃር የምንለውም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። አባቴ ማታ አዲስ ቃል ይዞ ይገባል፣ እናቴ በነጋታው ጎረቤት ላይ ትሞክረዋለች። እኛ ቤት ቋንቋ የተለመደው በዚህ ነው።

ጀጎል፦ የከዚራው ልጅ ልክ ነው አቦ። እኛ ሐረር አንዱ በር እንኳን ሁለት ስም አለው። በአማርኛ ሸዋ በር የሚባለው በሐረሪ አስማዲን በሪ ነው፤ ቡዳ በር ደግሞ በድሪ በሪ። አያቴ አቅጣጫ ስትናገር መጀመሪያ የጠያቂውን አፍ ትሰማለች፣ ከዛ እሱ የሚያውቀውን ስም ትጠራለታለች። አንቺም ለስራሽ አንዲት የኦሮምኛ ጥያቄ ያዢ፦ "ኤሳ ሲ ዱኩባ?" የት ጋ ነው የሚያምህ ማለት ነው።

ነርሷ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያቺ እናት ዛሬ ለክትትል መጥታ ነበር። ልጁን "ኤሳ ሲ ዱኩባ?" አልኩት። እናቱ ሳቀችና "ዱ" ስትል ምላሷን ወደ ላንቃዋ አጥፋ አሳየችኝ። ሦስት ጊዜ አስባለችኝ። ልጁ እጁን ሆዱ ላይ አደረገና አያመኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ደህና ሆኗል።