ማገዶ ያለው ማን ነው?

መንቆረር፦ ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ላይ የንባብ ምሽት ነበር። አንድ ልጅ ከሚጽፈው ፋንታሲ አንድ ምዕራፍ አነበበ። ሐይቅ ላይ ያለ መንግሥት ነው። መንግሥቱን የሚጠብቀው በብር ሣጥን የተቀመጠ የአንድ መነኩሴ ክንድ ነው። ሣጥኑ ፊት ቆሞ የዋሸ ሰው ድምፁ ይጠፋል። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ አወያዩ ማይኩን ይዞ «ቅዱስ ነገር የልብወለድ ማገዶ አይደለም» ብሎ ልጁን አሸማቀቀው። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ማገዶ! ልጁ ምን አቃጠለ?

ዲያቆኑ፦ ወንድም ዓለም፣ አወያዩ ልክ ነው። የቅዱሳን ዓፅም ይሳለሙታል እንጂ ትርኢት አያሠሩትም። ልጁ ክንዱን የጠንቋይ ዕቃ አደረገው። ታሪኩ እንዲሞቅለት አነደደው። ከዚህ በላይ ማገዶ ምን አለ?

መንቆረር፦ ታዲያ ግሽ ዓባይ ሄደህ ተከራከር። አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉት ይባላል። እሱ ሲሆን ተአምር ነው። አንድ የዚያው አገር፣ የሰከላ ልጅ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አስቦ ቢጽፍ ግን «ማገዶ» ትለዋለህ።

ዲያቆኑ፦ ገድል ይታመናል። ልብወለድ ይሸጣል።

ቢቸናዊት፦ ገድልም ይሸጣል እኮ። ከደጀ ሰላሙ በር ላይ በብር ነው የገዛሁት።

ዲያቆኑ፦ ነገር አታጣሚ።

የዘጌ ቡና፦ የማርቆስ ሰዎች፣ ሩቅ ሳትሄዱ ከተማችሁ የተሰየመበትን ቅዱስ እዩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች ዓፅሙን ከእስክንድርያ ሰርቀው ወሰዱት። ፈታሾቹ እንዳይነኩት ከአሳማ ሥጋ ሥር ደበቁት ይባላል። በ1968 ከዓፅሙ ጥቂቱ ወደ ካይሮ ተመለሰ። አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይም ተገኝተዋል። ስርቆት አለ፣ ባሕር አለ፣ አሳማ አለ፣ ንጉሠ ነገሥት አለ። ይህን ይዞ ፋንታሲ የማይጽፍ ሰው ብዕሩን ይመልስ።

ዲያቆኑ፦ ጎበዝ! ሌብነትን ምሳሌ አድርገህ አመጣህልን። መቅደላ ላይ ታቦቶቻችንን የጫኑትም እንዳንተ «ደስ የሚል ዕቃ» ብለው ነው።

ቢቸናዊት፦ መቅደላን ካነሳህማ እዚያው እንቆይ። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦት አለው፤ አብዛኞቹ በፈረንጅ 1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ግን ለሕዝብ አያሳይም። የራሱ ሠራተኞችም እንዳያዩአቸው ተከድነው ተቀምጠዋል። ዘራፊው የዘረፈውን ማየት አልቻለም እኮ! እኔ ይህን ልጻፈው ብል የማን ማገዶ አንድጄ ነው?

ጋሽ ቅኔ፦ እኔ ከማናችሁም ጋር አይደለሁም። ምሽቱ ላይ ነበርኩ። ልጁን የምወቅሰው ስለ ደፈረ አይደለም። ሣጥኑን ስለ ከፈተው ነው። ገና በሦስተኛው ገጽ ከፍቶ ክንዱን ከነጥፍሩ አሳየን። ከዚያ በኋላ ምን ቀረን? ፈረንጅ ማሳየት ይወዳል። ዓፅሙን በወርቅ ለብጦ በመስታወት መስኮት ያሳይሃል። ሉዊ 9ኛ የእሾህ አክሊሉን ገዝቶ፣ ለሱ ብሎ ፓሪስ ላይ ሙሉ ጸሎት ቤት አሠራ። በ1248 ተመረቀ፤ ግድግዳው ሁሉ ባለ ቀለም መስታወት ነው። የኛ ነገር ሌላ ነው። በጥምቀት ታቦቱ ካህኑ ራስ ላይ ተሸፍኖ ይወጣል። አገር እልል ይላል፣ መሬት ይስማል፣ ያየ ግን የለም። እኛ ሳናይ በመስገድ ያደግን ሰዎች ነን። በአማርኛ ፋንታሲ የሚጻፍ ከሆነ ጉልበቱ እዚህ ጋ ነው። ሣጥኑ እስከ መጨረሻው ይዘጋ። ፊቱ የቆሙት ሰዎች ምን እንደሚሆኑ እንይ።

ዲያቆኑ፦ ጋሼ፣ ታቦትና ዓፅም አንድ አይደሉም።

ጋሽ ቅኔ፦ አንድ ናቸው መች አልኩ? ያወራሁት ስለ መሸፈን ነው።

ዲያቆኑ፦ አቀላቅለውታል።

የዘጌ ቡና፦ ጋሼ፣ «ሳናይ በመስገድ» የሚሉት ጣና ደሴት ላይ ባለው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አይሠራም። የነዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የነፋሲል አስከሬን መስታወት ባለው ሣጥን ነው ያለው። ሄዶ ያየ ያውቃል።

ጋሽ ቅኔ፦ ንጉሥ ሌላ፣ ቅዱስ ሌላ። ንጉሥ ሞቶም መታየት ይፈልጋል።

ቢቸናዊት፦ «ሄዶ ያየ ያውቃል»? እኔ መች ዳጋ ገባሁና! ሴት አይገባም። ሄጄ አላይ፣ በምናቤ ልየው ስል ደግሞ ማገዶ። ታዲያ በየት በኩል ልግባ?

ዲያቆኑ፦ ሥርዓት ነው እህት ዓለም።

ቢቸናዊት፦ ሥርዓቱን ማን ነካብህ? የጠየቅኩህ ስለ ልብወለዱ ነው።

ሉማሜ፦ የረሳችሁት ነገር አለ። ሐይቅ፣ ደሴት፣ የብር ሣጥን ካለ ጣና መሆኑን ሕፃንም ያውቀዋል። መስቀልና ብራና ከየገዳሙ እየተሰረቀ ለሌባ አቅጣጫ መጠቆም ነው።

መንቆረር፦ የቅርስ ሌባ ልብወለድ አንብቦ ነው የሚወጣው? ሌባ ቢያነብማ ተሻሽለን ነበር።

እነብሴ፦ ደሴት ደሴት ትላላችሁ። መርጡለ ማርያም እያለች ውኃ ምን አስፈለገ? በብሉይ ዘመን መሥዋዕት ይሠዋባቸው ነበር ከሚባሉት አንዷ ናት። ፍርስራሹ ላይ ያለው የድንጋይ ቅርጽ ብቻውን ሦስት መጽሐፍ ይወጣዋል።

የዘጌ ቡና፦ መሥዋዕቱ ጣና ቂርቆስም ነበር ይባላል። ታቦተ ጽዮንም አክሱም ሳትገባ 800 ዓመት እዚያ ተቀምጣለች ይላሉ አባቶች። በዚህ አትወዳደሩን።

እነብሴ፦ መቀመጥና መሠዋት ይለያያል።

መንቆረር፦ ቆይ፣ ዲያቆን። የልጁን ምዕራፍ ሰምተኸዋል?

ዲያቆኑ፦ መስማት አያስፈልገኝም። አወያዩ የተናገረው ይበቃኛል።

መንቆረር፦ በቃ፣ ገባኝ።

ቢቸናዊት፦ ሳይሰሙ መፍረድ ደግሞ የማን ሥርዓት ነው?

ጎንደሬው፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ዳጋን የጎጃም ያደረጋችሁት ከመቼ ወዲህ ነው? ፋሲል እኮ ጎንደርን የቆረቆረ ንጉሥ ነው።

የዘጌ ቡና፦ ጀልባው የሚነሳው ከባሕር ዳር ነው።

ጎንደሬው፦ ጀልባ ርስት ይሰጣል እንዴ?

የዘጌ ቡና፦ ንጉሡ ራሱ ጎንደርን ሠርቶ ሲያበቃ የተኛው እኛ ጋ ነው። እሱን ጠይቀው።

ጋሽ ቅኔ፦ ስለ ልጁ ጽሑፍ ነበር የምናወራው።

ጎንደሬው፦ ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ይህ ይለቅ። ዳጋ የማን ነው?