የድሮው የደም ሰነድ ሆስፒታል ፋይል ውስጥ ነው፤ እንዴት ልሻረው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ያደግሁት በይሖዋ ምሥክሮች መካከል ሲሆን አሁን ቀስ በቀስ እየራቅሁ ነው። የመልቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ አልፈልግም፤ ከተጻፈ ለጉባኤው ይነገራላ! የቸገረኝ ግን እምነቱ ደም መውሰድን ስለሚከለክል «ደም አልወስድም» ብዬ የፈረምሁት፣ በካርድ መልክ ቦርሳ ውስጥ የሚያዘው ሰነድ ነው። በሰነዱ ላይ የሕክምና ወኪሌ፣ ማለትም ራሴን ብስት ስለ ሕክምናዬ የምትወስንልኝ፣ እናቴ ናት። ካርዱን ከቦርሳ አውጥቶ መቅደድ አይበቃም፤ ቅጂው እሷም ጋ፣ ሆስፒታሉ ፋይል ውስጥም አለ። ራሴን ብስት ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚያገኙት እሱን ነው። እዚህ አዲስ ሰነድ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ከተፈረመ ይበቃል፣ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ግዴታ አይደለም፤ መሻሩ ግን ለሐኪሙ መነገር አለበት። ጥያቄዬ፦ ስካን የተደረገውን አሮጌ ቅጂ «የተሻረ» የሚያሰኘው ሐኪሜ ነው ወይስ መዝገብ ክፍሉ? እናቴ ሳትሰማስ ይሆናል? ያለፋችሁበት ካላችሁ ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ።